ብርጭቆውን ያነሳሁበት ሌሊት

ይህን የምጽፈው ቃል ስለገባሁ ነው። "ጌታ ሆይ፣ እንቅልፌን ብትመልስልኝ ለሰው እመሰክራለሁ" ብዬ ነበር። መልሶልኛል።

ነገሩ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እሑድ ማታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እራት እያቀረብኩ ሳለ ወለሉ የከዳኝ መሰለኝ። መጀመሪያ ያዞረኝ ነበር የመሰለኝ። ቀና ስል አምፖሉ ይወዛወዛል። ከታች አንድ ሰው "መሬት ተንቀጠቀጠ! ውጡ!" እያለ ይጮኻል። ትንሿን አዝዬ፣ ትልቁን በእጁ ጎትቼ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ሜዳው ላይ ስደርስ ባዶ እግሬን ነበርኩ።

ሰው ትንሽ ቆይቶ ወደየቤቱ ገባ። እኛም ገባን። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቤቴ ውስጥ ማረፍ አቃተኝ።

ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ አልጋዬ አጠገብ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ለመጠጣት አይደለም። ውሃው ሲንቀጠቀጥ ለማየት ነው። የስልኬን መብራት አብርቼ ውሃውን አያለሁ። አጠፋለሁ። እንደገና አበራለሁ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ውሃው ይርገበገባል፣ እኔም ዘልዬ እነሳለሁ። በሩ ሥር ቦርሳ አስቀምጫለሁ። የልጆቹ ጃኬት፣ የልደት ካርዳቸው፣ ቆሎ፣ ውሃ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያጽናናኝ ቆየ፣ በኋላ እሱም ዝም አለ። አንድ ማታ የ9 ዓመቱ ልጄ መጥቶ "እማ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ልተኛ?" አለኝ። ያ ጥያቄ አንጀቴን ቆረጠው። ፍርሃቴን ለልጄ እያወረስኩት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እውነቱን ለመናገር ለራሴ ብቻ አልነበረም የምፈራው። እናቴ የምትኖረው መተሐራ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የሠራው እዚያ ስኳር ፋብሪካ ነው። እኔም ያደግኩት የሸንኮራ ማሳ እያየሁ ነው። የመንቀጥቀጡ መነሻ ደግሞ እዚያው ደጃፏ ነው፤ ፈንታሌ ተራራ። የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎቹ እነ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየሚዲያው እየቀረቡ ሲያስረዱ እሰማ ነበር። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከመሬት በታች የቀለጠ ዓለት እየተንቀሳቀሰ ነው፣ መሬቱን የሚሰነጥቀውም እሱ ነው ይላሉ። አዲስ አበባ የሚደርሰን ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ አልፎ የመጣው ነው። እናቴ ግን ምንጩ ላይ ነው የምትተኛው። "ነይ እኛ ጋ" ስላት "ቤቴን ለማን ጥዬ ልጄ?" ትለኛለች።

እጸልይ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ጸሎት፦ "ጌታ ሆይ፣ አቁምልን።" አልቆመም። እንዲያውም ታኅሣሥ ላይ ባሰ። በቀን ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "አልሰማህም?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። ይህን ሳልደብቅ እጽፋለሁ፣ እንደኔ የጠየቀ ሰው ይኖራልና።

በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ የሚመጣው መልእክት ደግሞ ሌላ መከራ ነበር። "ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ትልቁ ይመጣል፣ እግዚአብሔር ለባሪያው ገልጿል፣ ለ10 ሰው ላኩ።" 9 ሰዓት ድረስ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ። ምንም አይመጣም። በማግስቱ ሌላ ሰዓት ይላካል። እኔ ዛሬም በእግዚአብሔር ስም ሰው ማስፈራራት ከባድ ኃጢአት ነው እላለሁ። የምናውቃት አንዲት እህት ደግሞ "እምነት ካለሽ ለምን እየሮጥሽ ትወጫለሽ?" አለችኝ። በጣም ጎዳችኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ገና ሲደርስ የማቴዎስ ወንጌልን ሳነብ አገኘሁት። መልአኩ ለዮሴፍ "እምነት ካለህ ተኛ" አላለውም። "ተነሣ፥ ሕፃኑንና እናቱንም ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ" ነው ያለው። ልጅ አቅፎ ወደ ሜዳ መውጣት አለማመን አይደለም።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በሬክተር ስኬል 5.8 የተለካው መጣ። ብርጭቆው ወደቀና ተሰበረ። ወረድን። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፣ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ የሚያለቅስ፣ የሚጸልይ። እኔ የእናቴን ስልክ እደውላለሁ። "የደወሉላቸው ደንበኛ…" ይላል። እንደገና። እንደገና። ስንት ጊዜ እንደደወልኩ አላውቅም። በልቤ ቀብሬያት ጨርሻለሁ።

ሊነጋጋ ሲል አነሳችው።

"ደህና ነን ልጄ። ሸራ ውስጥ ነን። የጓሮው ግድግዳ ተሰነጠቀ እንጂ ሰው አልተነካም።"

እኔ ማልቀስ ብቻ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "ዳዊት 45ን አንብቢ፣ እኔ ሌሊቱን እሱን ስደግም ነው ያደርኩት" አለችኝ።

እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የወንጌል አማኝ ነኝ። በዚህ ስንት ዓመት ተከፋፍተናል። ያን ጠዋት ግን ሳልከራከር ስልኬ ላይ መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። መዝሙር 45 ስለ ንጉሥ ሠርግ ነው። "ልቤ መልካም ነገርን አፈለቀ" ይላል። ግራ ገባኝ። እማዬ ተሳሳተች? ከዚያ ትዝ አለኝ። የሷ ዳዊት አቆጣጠር ከኔው በአንድ ያንሳል። የሷ 45 የኔ 46 ነው። ገለጥኩ።

"አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን፥ ባገኘን በታላቅ መከራም ረዳታችን ነው። ስለዚህ ምድር ብትነዋወጥ፥ ተራሮችም ወደ ባሕር ልብ ቢወሰዱ አንፈራም።"

ይህን መዝሙር በቃሌ አውቀዋለሁ። ዘምሬዋለሁም። ያን ጠዋት ግን ሜዳ ላይ ቆሜ፣ መሬቱ ከሥሬ ገና ሳይረጋ፣ እንደ አዲስ አነበብኩት። ምድር አትነዋወጥም አይልም። "ብትነዋወጥ" ነው የሚለው። ሦስት ወር "አቁምልኝ" ስል የነበረውን ጌታ "ባይቆምስ?" ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ወረድ ስል ደግሞ "ዕረፉ፥ እኔም አምላክ እንደ ሆንሁ እወቁ" ይላል። ዕረፉ! ለሦስት ወር ላልተኛ ሰው የተላከ ቃል ነው የመሰለኝ። እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጸሎቴን ቀየርኩ። "ጌታ ሆይ፣ ቢንቀጠቀጥም አንተ ያዘኝ። ተኝቼ ልደር።"

በሦስተኛው ቀን ገና ነው። በዋዜማው ለባለቤቴ "እማዬ ጋ ልሂድ" አልኩት። አየኝ። ሁሉ ሰው ከዚያ እየወጣ ነው። መንግሥት በ12 ቀበሌዎች የሚኖሩ 80 ሺህ ያህል ሰዎችን ወደ ሌላ ቦታ እያዛወረ እንደሆነ በዜና ሰምተናል። ከዶፈን በኩልም እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲፈነዳ በቪዲዮ አይተናል። "ልጆቹን እኔ እይዛለሁ" አለኝ። ይህን ስላለኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

አዳማ ወርጄ የመተሐራ ሚኒባስ ያዝኩ። በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ስንደርስ ፈንታሌ ታየኝ። በልጅነቴ የምወደው ተራራ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ተራሮችም…" እያልኩ በልቤ ደገምኩት።

እናቴ ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ክፍት ቦታ ላይ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ሸራ ወጥራለች። አንዱ ጥግ ክርስቲያኑ፣ አጠገቡ ሙስሊሙ፣ ልጆች በጋራ ፍራሽ ላይ። ሙስሊሟ ጎረቤቷ ለእናቴ የጾም ሽሮ ሠርታላት አገኘሁ። ማታ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ "አምላክነሰ ኃይልነ ወጸወንነ" ብላ በግእዝ ጀመረች። አባቷ ናቸው ያስተማሯት። እኔ በአማርኛ ተከተልኳት። አብረን ስንጸልይ ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ጎኗ ተኛሁ። መሬቱ ጀርባዬ ሥር ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገን። እናቴ እጇን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በኋላ ምንም አላስታውስም። ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል፣ ገና ሆኗል፣ ቡናም ተወቅጧል። ሦስት ወር በአልጋዬ ላይ ያጣሁትን እንቅልፍ ጌታ ፈንታሌ ሥር፣ ሸራ ውስጥ ሰጠኝ። እኔ የማውቀው ተአምር ይህ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ማታ እንደ ልማዴ አዲስ ብርጭቆ ሞላሁ። አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። ትንሽ አየሁት። አንስቼ ውሃውን አበባው ላይ ደፋሁት። ብርጭቆውን አጥቤ መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ልጄ ከበሩ ቆሞ ያየኛል። "ጫማህን አውልቅ" አልኩት። አወለቀ።

ፍርሃት ጨርሶ ጠፋ አልልም። አንዳንድ ማታ ይመጣል። ቦርሳውም አሁን ድረስ በሩ ሥር ነው፣ አላነሳሁትም፣ ጥንቃቄ ነውና። ሲመጣ ግን የምለው አለኝ።

የካቲት 7 ማታ፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሁሉም የበለጠው መጣ። በሬክተር ስኬል 6። ሁላችንም ተኝተን ነበር። ልቤ መታ። ግን እጄና እግሬ ታዘዙልኝ። ልጆቹን ጫማ አደረግኩላቸው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉትን አሮጊት እናት ደግፌ አወረድኳቸው፣ "ቀስ ይበሉ እማማ፣ አለሁ" እያልኩ። መስከረም ላይ በራቸውን አልፌ ነበር የሮጥኩት። ከዚያ ሲረጋጋ ወጣን፣ ልጆቹን አስተኛሁ፣ ተንበርክኬ አመሰገንኩ፣ ተኛሁ።

ሲነጋ እናቴ ደወለች።

"ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? ተኛሽ ወይ?"

"አንቺ ነሽ የቀሰቀስሽኝ እማዬ" አልኳት።