«ሪድ» የግድ ከዲስክ ማለት አይደለም
ዳታቤዝ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ማጥናት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የዚህ ሳምንት ርዕሴ በፈር ነበር፤ ዳታቤዙ ያነበበውን ዳታ ራም ላይ የሚያቆይበት ቦታ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ሙከራ ላካፍላችሁ።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ዳታውን የሚያስቀምጠው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ነው። አንዲት መስመር ብትፈልጉም ገጹ በሙሉ ይነሳና ሼርድ በፈርስ የተባለው የራም ክፍል ውስጥ ይገባል። ሴቲንጉን ካልነካችሁት መጠኑ 128 ሜጋባይት ነው፤ 16,384 ገጽ ይይዛል።

400 ሜጋባይት የሚሆን ቴብል ሠራሁ። 51,200 ገጽ መሆኑ ነው። ቫኪዩም (የፖስትግሬስ ጽዳት) አደረግኩት፣ ፖስትግሬስን ሪስታርት አደረግኩና ኩዌሪ ስንት ገጽ እንዳነበበ በሚያሳየው በኤክስፕሌይን አናላይዝ በፈርስ መስመሮቹን ከዳር እስከ ዳር አስቆጠርኩት። (ንባቡን የሚካፈሉትን ረዳቶች፣ ፓራለል ዎርከሮቹን፣ አስቀድሜ ዘግቻለሁ፤ ካልተዘጉ ቁጥሩ ይለያያል።) ሪድ (ሼርድ በፈርስ ውስጥ ያልተገኘ ገጽ) 51,200፣ ሂት (እዚያው የተገኘ) ምንም። እንደጠበቅኩት። ደገምኩት፦ ሂት 32። ሠለስኩት፦ ሂት 64።

ግራ ገባኝ። 16,384 ገጽ የሚይዝ ቦታ እያለ 32 ብቻ ለምን?

ለካ ከሼርድ በፈርስ ሩብ የሚበልጥ ቴብል ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ ፖስትግሬስ (እስከ ቨርዥን 17 ድረስ) 256 ኪሎባይት የሆነች ቀለበት፣ ማለትም ገጾቹ በዙር እየተተካኩ የሚያልፉባት ትንሽ ቦታ፣ ብቻ ነው የሚሰጠው። 256 ለ8 ሲካፈል 32። ያቺው ቁጥር! ባይሆን ኖሮ አንድ ትልቅ ንባብ ሌሎች ኩዌሪዎች በየደቂቃው የሚፈልጓቸውን ገጾች ጠራርጎ ያስወጣቸው ነበር። ማይኤስኪውኤል የተባለው ሌላ ዳታቤዝ ዳታውን የሚይዝበት ክፍል፣ ኢኖዲቢ፣ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚከላከለው፤ አዲስ ገጽ ሲመጣ የገጾቹ ሰልፍ ፊት አያቆመውም፣ ወደ ኋላው ጠጋ አድርጎ ያስገባዋል። ሁለቱም ደስ ይላሉ፣ እኔ ግን የቀለበቷን ቀላልነት ወድጄዋለሁ።

ዋናው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያ «ሪድ 51,200» ያለው የመጀመሪያው ሩጫ በጣም ፈጣን ነበር። ከዲስክ የመጣ አይመስልም። እውነትም አልነበረም። ሪስታርቱ ያጠፋው የፖስትግሬስን ራም ብቻ ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ያንኑ ፋይል በራሱ ካሽ (ያነበበውን ፋይል በሚያቆይበት ራም) ይዞት ነበር። ፖስትግሬስ «ሪድ» ሲል «እኔ ጋ የለም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ጠይቄ አመጣሁት» ማለቱ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከየት እንዳመጣው አያውቅም።

ለማረጋገጥ ፖስትግሬስን እንደገና ሪስታርት አደረግኩ፤ ሲንክ ብዬ (ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ አስጽፌ) የሊኑክስንም ካሽ ባዶ አደረግኩ። ሪድ አሁንም 51,200። ሰዓቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ቁጥሩ ያው፣ ሥራው የተለየ። ስለዚህ ሂትና ሪድን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ትራክ አይኦ ታይሚንግ የተባለውን የፖስትግሬስ ሴቲንግ አብሩትና ንባቡ የወሰደውን ጊዜ አብራችሁ እዩ።

ለሼርድ በፈርስ ከራሙ ሩቡን ያህል ስጡ የሚለው ምክርም አሁን ነው የገባኝ። የቀረው ራም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ሊኑክስ ለካሽ ይጠቀምበታል።

የሚቀጥለው ሳምንት የመጻፍ ተራ ነው፦ የቆሸሹ ገጾች (ራም ላይ ተለውጠው ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፉ)፣ ቼክፖይንት (እነሱን ወደ ዲስክ የመጻፍ ሥራ)፣ ኤፍሲንክ (ፋይሉ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲጻፍ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መጠየቅ)። እዚያም ይኸው የሊኑክስ ካሽ ይጠብቀኛል። በ2018 የፖስትግሬስ ሰዎች ኤፍሲንክ አንዴ ከከሸፈ በኋላ ሲደገም፣ ዳታው ዲስክ ሳይደርስ ሊኑክስ «ተሳክቷል» ሊል እንደሚችል ደርሰውበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖስትግሬስ ኤፍሲንክ ሲከሽፍበት ደግሞ አይሞክርም፤ ራሱን አቁሞ ለውጦች አስቀድመው ከሚመዘገቡበት ከዋል ፋይሉ ይነሳል። ይህን በገዛ ማሽኔ ላይ ማሳየት እፈልጋለሁ። ሆን ብሎ ስህተት የሚመልስ ዲስክ ሊኑክስ ላይ የፈጠረ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።