አንድ አሲድ፣ አንድ ቮልት፣ የተለያየ መልክ

አኖዳይዚንግ (አሉሚኒየምን አሲድ ገንዳ ውስጥ በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን ማልበስ) ላይ የምንሠራ ሰዎች ወሬያችን ሁሌ ስለ አሲዱና ስለ ቮልቱ ነው። እኔ ሰሞኑን ትኩረቴ ወደ ሌላ ነገር ዞሯል። አሉሚኒየሙ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ሞቀ? እንዴትስ ቀዘቀዘ?

የሞከርኩት በመስኮት ፍሬም ቁርጥራጭ ነው። የመስኮት ፕሮፋይል ብዙውን ጊዜ 6063 የሚባለው ቅይጥ ነው፤ ትንሽ ማግኒዚየምና ሲሊከን አለው። አንዱን ቁራጭ እንዳለ ተውኩት። ሌላውን 520 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቄ ወዲያው ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ 175 ዲግሪ ላይ 8 ሰዓት አቆየሁት። የመጨረሻውን እኩል አሙቄ ምድጃው ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተውኩት። ከዚያ ሦስቱንም ቁራጮች በየተራ መጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ፣ ቀጥሎ ናይትሪክ አሲድ፣ በመጨረሻም አኖዳይዝ ለማድረግ 15 በመቶ ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ከተትኳቸው። (አሲዱ ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው። በተገላቢጦሽ እንዳትሞክሩ!)

በምድጃ የበረደው አመድማ ሆኖ ወጣ። የቀሩት ጥርት ብለዋል። ጥቁር ቀለም ብትነክሩት ልዩነቱ ይደበቃል፣ ወርቃማ ላይ ግን ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ማግኒዚየሙና ሲሊከኑ፣ ሻይ ውስጥ እንዳለ ስኳር፣ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሟሟሉ። ድንገት ከቀዘቀዘ እንደተበተኑ ይቀራሉ። ኤጂንጉ ላይ (175 ዲግሪ ላይ ሲቆይ) የሚፈጠሩት ቅንጣቶች በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታዩም። ጥንካሬ ይሰጣሉ፣ ኦክሳይዱን ግን እምብዛም አይረብሹም። ቀስ ብሎ ሲበርድ ግን ተሰባስበው ትልልቅ የማግኒዚየም ሲሊሳይድ ቅንጣት ይሆናሉ። አሲዱ ማግኒዚየሙን ይበላዋል፤ ቀዳዳና የሲሊከን ትራፊ ሽፋኑ ውስጥ ይቀራል። ብርሃን እዚያ ይበተናል፣ መልኩም ይፈዛል።

ፋብሪካም ከዚህ አያመልጥም። ከፕሬስ (አሉሚኒየሙን ገፍቶ ቅርጽ ከሚያስይዘው ማሽን) የወጣ ትኩስ ፕሮፋይል ማቀዝቀዣው ጠረጴዛ ላይ ግራፋይት የነካው ቦታ አቀዛቀዙ ይለያል። እዚያ ላይ እኩል እየተራራቀ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ይወጣል፤ የሚጋለጠውም አኖዳይዝ ሲደረግ ነው።

ብየዳ ላላችሁ ደግሞ፦ 4043 የሚባለው የብየዳ ሽቦ ሲሊከን ስለሚበዛበት መስመሩ ይጠቁራል። 5356 የሚባለው ሽቦ መልኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር ይቀራረባል። ያም ሆኖ ብየዳው ያሞቀው ዳር ጥላ ሊይዝ ይችላል።

ቀጥዬ 2024 የሚባለውን መዳብ ያለበት ቅይጥ ልሞክር ነው። መዳብ ያለበት ቅንጣት አሲዱ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ ሽፋኑ ቀጭንና ለስላሳ ይሆናል። ከእሱ የ6063ን ጥራት አልጠብቅም።