ሬሳ ሣጥኑ ሲንሸራተት

በደቡብ ዌልስ አንድ አነስተኛ የቲያትር ቡድን የዌልሳዊውን ደራሲ የሪስ ዴቪስን አጫጭር ልቦለዶች ወደ መድረክ ሲያመጣ፣ ትልቁ ችግር የተፈጠረው ሁሉም እንደ ድል ከቆጠሩት አጋጣሚ ነው።

ታሪኩ «ትንሣኤ» ይባላል። ሁለት እህትማማቾች የሦስተኛዋን ቀብር እያሰናዱ ሳለ፣ የሣጥኑ ክዳን በብሎን ሊታሰር ግማሽ ቀን ሲቀረው ሟቿ ቀና ብላ ውኃ ትለምናለች። እህቶቿ ግን ደስ አይላቸውም፤ ይቆጣሉ። ዝግጅቱ ሁሉ አልቋል፣ መንደሩስ ምን ይላል? ዴቪስ (እ.ኤ.አ. 1901–1978) በሮንዳ ሸለቆ በከሰል አውጪዎች መሃል፣ ከባለ ሱቅ ቤተሰብ የተወለደ ነው፤ ቀብር በዚያ ሰፈር የቤተሰብ ክብር ጉዳይ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ከመቶ በላይ አጫጭር ልቦለዶች የጻፈ ሰው ዛሬ ይህን ያህል መረሳቱ ያሳዝናል።

ሣጥኑ የተቀመጠው እርስ በርስ ባልተያያዙ ሁለት የእንጨት መቆሚያዎች ላይ ነበር። ወለሉ ደግሞ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያንሸራትታል። በመጀመሪያው ምሽት ተዋናይቷ ብድግ ብላ ስትቀመጥ ክብደቷ ከትከሻዋ ወደ ዳሌዋ ዞረ፤ ሣጥኑ ወደ ግርጌ ተገፋና የግርጌው መቆሚያ ስንዝር ያህል ተንሸራተተ። ሣጥኑ ዘመመ እንጂ አልወደቀም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ተዋንያኑ በማግስቱ «ይህማ ይቆይልን» ሲሉ ለመኑ።

አዘጋጇ ግን ጆሮዋን የጣለችው ከሳቁ በኋላ በመጣው ላይ ነበር። ታላቅ እህት ስለ ድግሱ ወጪ የምትናገረው፣ በልምምድ ጊዜ አንድም ቀን ሳያስቅ ቀርቶ የማያውቀው ቃለ ተውኔት፣ በጸጥታ አለፈ። ተመልካቹ ሳቁን በእንጨቱ ላይ ጨርሶታል። በዚህ ታሪክ የሚያስቀው የሞተች ሴት መነሣቷ አይደለም፤ እህቶቿ በመነሣቷ መከፋታቸው ነው። ያም የሚሠራው ከልባቸው ሲከፉ ብቻ ነው። ተዋናይት «እዚህ ጋ ይሳቃል» ብላ ከጠበቀች፣ ወይም የሸለቆውን ዘዬ ለማሳቂያ ካጋነነች፣ ነገሩ ተራ ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ መቆሚያዎቹ በሁለት አግዳሚ እንጨቶች ተያያዙ፣ ከእግራቸው ሥር ጎማ ተለጠፈ፣ የሣጥኑም ወለል በአራት የ8 ሚሊሜትር ብሎኖች ታሰረ። ከውስጥ በዳሌዋ ግራና ቀኝ የጨርቅ መያዣ ስለተመታላት ሳትወራጭ፣ ስምንት እስኪቆጠር ቀስ ብላ መነሣት ቻለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ታናሽ እህት ጀርባዋን ሰጥታ ሥጋ ትቆርጣለች። ተመልካቹ አይቷል፣ እሷ አላየችም። ቢላዋው የሚቆመው ውኃ ስትጠየቅ ነው። ክዳኑ ግድግዳ ተደግፎ፣ ብሎኖቹ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ታላቅ እህት ስትናገር አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለች። ሳቁ ተመልሶ የመጣው በዚህ ቆጠራ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ሳቅ ያነሰ ቢሆንም እስከ ትዕይንቱ መጨረሻ ዘለቀ።

ሁለተኛው ጣጣ ትረካው ነበር። በመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ተራኪ ከመድረኩ ጥግ ቆሞ ያነብ ነበር፤ እሱ ባፌዘ ቁጥር ተመልካቹ ከእህቶቹ ይርቃል። ተራኪው ወጣ። እያንዳንዱ የትረካ ዓረፍተ ነገር «ይህን መናገር የምትፈልገው የትኛዋ ናት? ለምንስ?» ተብሎ ተጠየቀ። መልስ ያገኘው እጃቸው ሥራ ላይ እያለ የሚወረወር ንግግር ሆነ፤ መልስ ያጣው፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ተቆረጠ። ያማረ ዓረፍተ ነገር መቁረጥ ሆድ ያባባል፤ ግን ሌላ መንገድ የለም።

መቁረጥም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይሆንም። በብሪታንያ ሕግ የዴቪስ ሥራዎች የቅጂ መብት እስከ እ.ኤ.አ. 2048 መጨረሻ ይጸናል። የትኞቹ ታሪኮች፣ ስንት ትርኢት፣ የት የት፣ ምን ያህል ለውጥ የሚለው ሁሉ በጽሑፍ ካልተያዘ አንድ ገጽ እንኳ መጻፍ ድካም ነው።

ሦስተኛው ጣጣ እይታው ነበር፤ ከፊት የተቀመጠ ሰው ሣጥን ውስጥ የተኛችውን አያያትም። ይህ የተፈታው ከፍታን በሜትር በመለካት ነው። መድረኩ 60 ሴንቲሜትር፣ መቆሚያው 60፣ የሣጥኑ ጎን 35፤ ጠርዙ ከአዳራሹ ወለል 155 ሴንቲሜትር ላይ ይውላል። ተቀምጦ የሚያይ ሰው ዓይን 120 ግድም ነው። ወንበሮቹ ደረጃ በደረጃ ከፍ በሚሉበት አዳራሽ የኋላው ሰው ያያል፤ የፊተኛው የሚያየው እንጨት ነው። መቆሚያው ወደ 40 ወረደ፣ በተመልካቹ በኩል ያለው ጎን ወደ 22 ተቆረጠ፣ ከራሷ ሥር 12 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ገባ። ጠርዙ 122 ላይ ሲወርድ ከፊት የተቀመጠው ሰው የአፍንጫዋን ጫፍና የተሸፈነ ግንባሯን ማየት ቻለ። ወለሉ ሜዳ በሆነ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲጫወቱ ደግሞ መድረኩን ትተው ሣጥኑን መሬት ላይ፣ በዚያው 40 ሴንቲሜትር መቆሚያ አቁመው፣ ወንበሮቹን በሦስት ወገን ይደረድራሉ።