ለሦስት ዓመት የሚበቃ ስንቅ

ሰውን ወደ ማርስ ስለመላክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ሮኬቱ ጉልበት፣ ስለ ጨረሩ አደጋና ስለ መመለሻው ነዳጅ ነው። እኔን ግን ይህን ጉዳይ መከታተል ከጀመርሁ ወዲህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስንቁ ነው። ደርሶ መልሱ ሦስት ዓመት ገደማ በሚፈጅ ጉዞ ላይ ከክብደቱም ከመጫኛ ቦታውም በላይ የሚያስቸግረው፣ የተጫነው ምግብ ከመበላቱ በፊት ማርጀቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ጠፈርተኛ በቀን ከነማሸጊያው 1.8 ኪሎ ግራም ያህል ምግብ ያስፈልገዋል ብንል፣ አራት ሰዎች በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ 8 ቶን የሚጠጋ ይጨርሳሉ። ይህን ሁሉ በአንድ መንኮራኩር ከሰዎቹ ጋር ከመጫን ይልቅ ከፊሉን አስቀድሞ መላክ ይቻላል። ሆኖም ከምድር ወደ ማርስ ለመነሣት የሚያመቸው ጊዜ በ26 ወር አንዴ ብቻ ስለሚመጣ፣ ቀድሞ የሄደው ስንቅ ገና ሰዎቹ ሳይነሡ ከሁለት ዓመት በላይ ያረጃል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ የምግብ ባለሙያዎች አምስት ዓመት ሳይበላሽ የሚቆይ ምግብ የሚሹት በዚህ ምክንያት ነው።

በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ይህ ጭንቀት ብዙም አይታይም። ጣቢያው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ የጭነት መንኮራኩሮች በየጊዜው እየተመላለሱ ይሞሉታል። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ላይ በጣቢያው የነበሩት ሊሮይ ቻውና ሳሊዛን ሻሪፖቭ የተቀመጠው ምግብ ከታሰበው በታች ሆኖ በመገኘቱ የሚበሉትን እንዲቀንሱ ተገደዱ። በዲሴምበር መጨረሻ የደረሰችው የሩሲያ የጭነት መንኮራኩር ሳትሳካ ብትቀር ኖሮ ጣቢያውን ጥለው ወደ ምድር መመለስ ነበረባቸው። ከማርስ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ተብሎ አይመለስም።

ጠፈርተኞች የሚበሉት ምግብ በአብዛኛው ውኃው ተመጥጦ የደረቀ ወይም በከፍተኛ ሙቀት ጀርሞቹ ተገድለው የታሸገ ነው፤ ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት አለበትና። የደረቀውን ለመብላት ጠፈርተኛው ከጥቅሉ አፍ በቀጭን ቱቦ ሙቅ ውኃ ያስገባበታል፣ በእጁ እያሸ ያዋሕደዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅና ጥቅሉን በመቀስ ቀዶ እጀታው በረዘመ ማንኪያ ይበላል። ምግቡ እርጥበት ስላለው ማንኪያው ላይ ተጣብቆ ይቆያል እንጂ ወዲያው ተነሥቶ አይንሳፈፍም። የሚፈራው ፍርፋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ያንግ በኪሱ ደብቆ ጀሚኒ 3 ወደተባለችው መንኮራኩር ያስገባው ሳንድዊች ገና ከመቀመሱ መፈርፈር በመጀመሩ ወዲያው ተመልሶ ኪስ ገባ፤ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ምክር ቤት ድረስ አነጋግሯል። ዛሬ በዳቦ ፈንታ ቶርቲያ የተባለ የማይፈረፈር ስስ ቂጣ ይበላል፣ ጨው በውኃ ሟሙቶ፣ ቁንዶ በርበሬም በዘይት ተዋሕዶ ይቀርባል።

ይህ ሁሉ የተፈታ ችግር ነው። ያልተፈታው በጥቅሉ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሆነው ነው። ጀርም ያልገባበት ምግብ ለዓመታት ሰው ሳያሳምም ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን ቀለሙ ይጠወልጋል፣ ጣዕሙም ይደበዝዛል፣ ከሁሉ በላይ ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ቢ1 በጊዜ ብዛት እየተመናመኑ ይሄዳሉ። ለዚህ ኪኒን አለ ሊባል ይችላል፤ ግን ኪኒኑም እንደ ምግቡ ከጊዜ ጋር አቅሙን ያጣል። በጥንት የባሕር ጉዞ መርከበኞችን የጨረሰው ስከርቪ የቫይታሚን ሲ እጦት እንደነበር ስናስታውስ ነገሩን አቅልሎ ማየት ይከብዳል።

ከዚያ ደግሞ የምግብ ፍላጎት አለ። በክብደት አልባነት የሰውነት ፈሳሽ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ፊት ያብጣል፣ አፍንጫም ይታፈናል፤ ብዙ ጠፈርተኞች ምግቡ አልጣማቸው ብሎ የሚያቃጥል ማጣፈጫ የሚጨምሩት ስለዚህ ነው ይባላል። ተመሳሳይ ምግብ እየተመላለሰ ሲመጣ ሰው ሳይታወቀው የሚበላውን ይቀንሳል፤ ያነሰ የበላ ሰው ደግሞ ክብደት አልባነት አስቀድሞ እያሳሳው ያለውን አጥንትና ጡንቻ ይበልጥ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ስድስት ሰዎች የማርስን ኑሮ ለመሞከር ለአራት ወራት ተዘግተው ሲኖሩ ከተጠኑት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነበር፤ የተዘጋጀ ምግብ ከመብላትና ራስ ከማብሰል የትኛው ይሻላል የሚለው። በእኔ ግምት ለስንቅ ጥናት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይህን የመሰለ አስተዋይ ጥያቄ ያነሣ ጥቂት ነው።

ታዲያ ለምን እዚያው አያመርቱም? ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በሳይቤሪያ ክራስኖያርስክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተሠራው ባዮስ 3 በተባለ ዝግ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ስንዴና አትክልት እያበቀሉ ለስድስት ወራት ኖረዋል፤ ሥጋው ግን ከውጭ የገባ ነበር። በጠፈር ጣቢያው ላይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 ጠፈርተኞች ራሳቸው ያበቀሉትን ቀይ ሰላጣ በልተዋል፤ በ2021 ደግሞ ቃሪያ ደርሶላቸዋል። ጣቢያው ሽንትና ላብን ሳይቀር እያጣራ ከውኃው 98 በመቶውን መልሶ መጠቀም ከቻለ በኋላ፣ ምግቡም እንዲሁ በቅርቡ ይዞራል ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ነገር ግን ሰላጣ ኃይል አይሰጥም። ሆድ የሚሞላው እህል ደግሞ ሰፊ ቦታ፣ ብዙ መብራት፣ መውቂያና መፍጫ ይፈልጋል፤ ይህን ሁሉ የሚጠግነውም ያው አራት ሰው ነው።

ጓሮው ሊታመም እንደሚችልም ታይቷል። በ2015 መጨረሻ በጠፈር ጣቢያው የተክል ማብቀያ የተተከሉት የዚኒያ አበቦች ከመጠን በላይ እርጥበት ስለበዛባቸው ሻጋታ መታቸው፤ በጣቢያው የነበረው ጠፈርተኛ ስኮት ኬሊ ከምድር የሚላክለትን የጊዜ ሰሌዳ ትቶ ተክሎቹን ራሱ እያየ ውኃ እንዲሰጣቸው ጠይቆ ከተፈቀደለት በኋላ፣ የተረፉት በጃንዋሪ 2016 አበቡ። አበባ ስለነበሩ ማንም ጾሙን አላደረም። ስለዚህ ለመጀመሪያው የማርስ ጉዞ የሚሻለው፣ ዋናውን ስንቅ በታሸገው ምግብ ላይ አድርጎ ማብቀያውን ትኩስ ቫይታሚንና የተለየ ጣዕም እንዲጨምር ብቻ መያዝ ይመስለኛል፤ የተክሉ ሰብል አንድ ወቅት ሙሉ ቢጠፋ እንኳ ሰዎቹ ሳይራቡ መመለስ እንዲችሉ ተደርጎ ነው መጫን ያለበት።