የማክሰኞው ራሽን

ባለፈው እሑድ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ወንድም ጋሼ፣ እናንተ ጋ በየወሩ ጌም በነፃ ይታደላል አሉ፤ አንተ የማትፈልገውን ወደ እኔ ብትልከው ምን አለበት?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ የገባሁ ሰሞን «ነፃ» ሲባል እኔም ነፃ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሌይስቴሽን በሚባለው የጌም ማሽን ላይ ፕላስ የሚሉት አባልነት አለ፤ አባል ለሆነ ሰው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ሁለት፣ ሦስት ጌም ይወጣለታል። ማውረድ ግዴታ አይደለም፤ አንዲት ቁልፍ ከተጫነ በስሙ ተመዝግበው ይቀመጣሉ። የሚቀጥለው ወር ድርሻ እስኪመጣ ካልተጫነ ግን አመለጡት። እኔ ደግሞ ሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር መጣ ሲባል ፌስታል ይዤ እየሮጥኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ ስኳር ይኑር አይኑር አይጠየቅም፤ መጣ ከተባለ ይወሰዳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አባል ከሆንኩ ጀምሮ አንድም ማክሰኞ አላመለጠኝም። የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ መኪና ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ ሞተር ሳላስነሳ፣ በስልኬ ራሽኔን እወስዳለሁ። ፕሌይስቴሽን 5 ሳይኖረኝ የፕሌይስቴሽን 5 ጌሞች ሰብስቤያለሁ። የጎልፍ ዱላ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ የጎልፍ ጌም ግን አለኝ።

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ናት። «ይህ ነፃ የምትለው ነገር በዓመት 60 ዶላር ነው። ዘንድሮ ስንቱን ተጫወትክ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት። «እንግዲያው አንዱን በ30 ዶላር ገዝተኸዋል» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በ2023 መስከረም ላይ የዓመቱ ክፍያ ወደ 80 ዶላር ሲያድግ ደግሞ «አንዱ 40 ገባ» አለችኝ፤ እስክርቢቶ እንኳ አላነሳችም።

የተጫወትኳቸውንም ቢሆን አንስቼ ልኩራራ ብል አያምርብኝም። በኮሮናው ጊዜ፣ ነሐሴ 2020 ላይ፣ ፎል ጋይስ የሚባለው ጌም በዚሁ ራሽን መጣ። እነዚያ ባቄላ የሚመስሉ ፍጥረቶች እየተንከባለሉ ሲወድቁ ከልጆቹ ጋር ሆነን ስንስቅ ያን ክፉ ወራት አሳለፍነው። በ2022 ሰኔ ግን ጌሙ ለማንም ሰው በነፃ ተለቀቀ። ሌሊት ተሰልፌ ያመጣሁት ዳቦ ረፋዱ ላይ በየቤቱ የታደለ ያህል ከነከነኝ። በዚያው ወር በራሽኑ የመጣው ጎድ ኦፍ ዋር የሚባለው ጌም ግን የክፍያውን ዋጋ መልሶልኛል። አባትና ልጅ የልጁን ሟች እናት አመድ ከተራራ ጫፍ ላይ ለመበተን የሚጓዙበት ታሪክ ነው። ልትጠይቀን መጥታ የነበረችው እናቴ ከኋላዬ ሆና የመጀመሪያውን ክፍል ስታይ «ሬሳ አቃጠሉ?» ብላ አማተበች። ከዚያ በኋላ እርሷ ሳሎን ካለች አልከፍተውም።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ።

በዚያው በ2023፣ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል የገና ጾም ሊገባ ሲል ዋለ። ለእኛ ቅበላ ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሠራች፣ ጥቂት የአገር ልጆች ጠራን፣ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬም ከዘጠኝ ዓመት ልጁ ጋር መጣ። ተርኪ ይዞ ነበር። በአንድ ጉርሻ ሁለት ብርጭቆ ውኃ የሚያስጠጣውን ደረቅ ሥጋ ለይሉኝታ ስንል አመስግነን በላን። ከምሳ በኋላ ልጁ ማሽኑን አይቶ ስንት ጌም እንዳለኝ ጠየቀ። እንግዳ ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከመቶ በላይ» አልኩት።

ቴሌቪዥኑን አበራሁት። መቶ ስም በሰልፍ መጣ፤ በእያንዳንዱም ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት። አንዱን ተጫንኩ፤ የአባልነት ጊዜዎ አልቋል። ሌላውን ተጫንኩ፤ አልቋል። የጎልፉን እንኳ ሞከርኩት። ለካ ባንኩ ካርዴን ሲቀይርልኝ አዲሱን ቁጥር አልሞላሁም፤ የማስታወሻው መልእክትም ሳይነበብ ኢሜይሌ ውስጥ ተኝቷል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ልጁ በትሕትና «የአንተ እኮ አይደሉም፤ ካልተከፈለ ይዘጋሉ» ብሎ አስረዳኝ። አባትየው ሳቀና «ገንዘብ አጥሮህ ነው?» ብሎ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከኪሱ የራሱን ካርድ አወጣ።

በገዛ ቤቴ! የዶሮ ወጤ መዓዛ ከጣቱ ሳይለቅ!

ሰውዬው ክፋት የለበትም። እነርሱ ዘንድ ችግር ከታየ ይጠየቃል፣ ከተቻለ ይከፈላል፣ ነገም አይነሳም። የአገሬ ልጆች ግን ጨዋዎች ናቸውና ማንም ምንም አላየም። አንደኛው ጣሪያውን መረመረ፣ ሌላኛው የቡናውን ሽታ አደነቀ። ያላዩት እስከ እሑድ ብቻ ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት ባለቤቴን ወደ ጎን ወስደው በዝግታ «ሥራ ላይ ነው አይደል?» አሏት። በሳምንቱ ደግሞ ባንክ ቤታችንን ሊወስድብን እንደሆነ ተወራ። የምንኖረው በኪራይ ነው።

ያን ቀን የተከፈተልኝ አንድ ጌም ብቻ ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በዲስክ የገዛሁት የእግር ኳስ። ዲስክ ካርድ አይጠይቅም። ልጁም 5 ለ 1 ሸኘኝ።

በማግሥቱ ከፈልኩ፤ ጓጉንቸሩ ሁሉ ተነሳ። እስከ ዛሬም የሚወጣውን ሁሉ በስሜ አስመዘግባለሁ፤ አባልነቱን ከከፈሉ ወዲያ መጫኑ ምንም አያስወጣምና። ማውረዱ ላይ ግን ንፉግ ሆኛለሁ። በኋላ የገዛሁት ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ 825 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠልኝ ቦታ ሲከፈት 667 ያህል ሆኖ ነው የተገኘው፤ አንዳንዱ የተኩስ ጌም ደግሞ ብቻውን ከመቶ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ከልጆቼ ጋር በአንድ ሶፋ ላይ ያጫውተናል ወይ ብዬ ነው። ብቻዬን የምጫወተው ከሆነ በአሥር ሰዓት ገደማ የሚያልቀውን እመርጣለሁ፤ የሌሊት ፈረቃ ያለበት ሰው ሰማንያ ሰዓት የሚፈጅ የድራጎን ታሪክ አስመዝግቦ ራሱን ባያታልል ይሻላል። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራውን ሰው ሳይርቀው በፊት ቶሎ እሞክረዋለሁ። ጌም ለመግዛትም አልቸኩልም፤ አንዱን በ30 ዶላር በገዛሁ በሳምንቱ በወሩ ዝርዝር ላይ አይቼው እራቴን አልበላሁም። ከፍ ያለውን ክፍያ የሚከፍሉ ደግሞ አንድ ነገር ይወቁ። ለእነርሱ በሚከፈተው የጌም ዝርዝር (ካታሎግ) ውስጥ ያለው ጌም አንድ ቀን ሊወጣ ይችላል፤ በማክሰኞው ራሽን የወሰዱት ግን አባልነቱ እስካለ ድረስ አብሯቸው ይቆያል።

ልትመጡ የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ አገር ነፃ የተባለ ነገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ካርድ ይጠይቃል። ስፖርት ቤቱ፣ ፊልሙ፣ ስልኩ ሁሉ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ይቆነጥራል። አባል የሆናችሁ ዕለት ራሱ እየታደሰ የሚሄደውን ክፍያ አጥፉት፤ የከፈላችሁበት ጊዜ እስኪያልቅ መጠቀማችሁ አይቀርም። ካርድ ሲቀየርባችሁ ደግሞ እንግዳ ከመጥራታችሁ በፊት ቁጥሩን ሙሉ።

ይህንን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ተረኩለት። ጌሙ በስሜ የታሰረ በመሆኑ የሚላክ እንዳልሆነ ነገርኩት። የኢትዮጵያ ስም በፕሌይስቴሽን የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ እርሱም አካውንቱን የከፈተው በሌላ አገር አድራሻ ነው። ኮምፒውተር ካለህ ኤፒክ የሚባለው መደብር በየሳምንቱ ሐሙስ ያለ አባልነት ክፍያ ጌም ይሰጣል፣ በ2020 ግንቦት ጂቲኤ 5 የሚባለውን ጌም ሳይቀር ሰጥቷል አልኩት። «እርሱ እኮ ወደ መቶ ጊጋባይት ነው፤ ኢንተርኔቱን ማን ይከፍልልኛል?» አለ። ቀጥሎም «እኛ ሰፈር ጌም ቤት ተሸናፊ ነው የሚከፍለው። አንተ ሳትጫወትም ትከፍላለህ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልኩ። «በል ጌሙን ተወው። የእኔ ጆይስቲክ የግራው ተበላሽቷል፤ አንድ ላክልኝ።»

ገዝቻለሁ፤ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዚህ ወር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድና ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።