ገለባ የሚጠጣው ሰውዬ

አባቴ ባባ የተወለደው የመን፣ ሐድራሞት ነው። ጅማ የገባው በ1948 ነው፤ ያኔ ጢሙን እንኳ በቅጡ አላወጣም ነበር። ከሙከላ ጅቡቲ በሳንቡክ ጀልባ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋና አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ ጨው በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የጊቤን በረሃ አቋረጠ። አጎቱ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሱቅ ነበረው። ያን ጊዜ በየከተማው የሰፈር ሱቅ “አረብ ቤት” ስለሚባል ማንም ጉዳዬ አላለውም።

የሰፈሩ ሰው ስለ ባባ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው ገለባውን ነው። የቡና ገለባ ከዝንጅብል ጋር አፍልቶ ይጠጣል። የአገሩ ልማድ ነው። ጅማ ቁጭ ብሎ ገለባ! ጎረቤቶች “ሐጂ፣ ፍሬውን ለማን ትተውት ነው?” እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱ ስኳር ይጨምርና ፉት ይላል።

አማርኛው እስከ መጨረሻው አልቀናለትም። እማዬን “አንተ” ይላል፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር “አንቺ”። ኦሮምኛው ግን እንደ ውሃ ነበር። ጀንፈል፣ ማለትም ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ የሚያመጡለት ከማና፣ ከጎማና ከሰቃ የሚመጡ ገበሬዎች ስለነበሩ ሳይወድ በግዱ ለመደው። ቡና ሲገዛ ከላይ ያለውን አይነካም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከትና ከሥር ያወጣል። እርጥቡ የሚደበቀው ሥር ነዋ። ከዚያ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ቆርጠም ያደርግና ዋጋውን ይናገራል። ገበሬው ይቆጣል፣ ባባ ይስቃል፣ መጨረሻ ላይ ሻይ ይጠጣሉ።

ባባ ሲሞት ለቀስተኛው ሁሉ “ለልጆቹ ሲል ያልሆነው የለም” ሲል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ ሰባት ልጅ አስተምሯል። ግን የትኛው አባት ነው ለልጆቹ ያልለፋ? ለእኔ የባባ ነገር የሚገባኝ 1967 ላይ ነው።

ያን ዓመት ሐምሌ ላይ ትርፍ ቤት ሲወረስ የአጎቱ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። አጎትየው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ የመን ተመለሰ። የባባ ወንድምም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ተከተለ። ለእኛም መሄጃው ተዘጋጅቶ ነበር አሉ። አያቴ ግን ዓይኗ ጠፍቶ አልጋ ላይ ነበረች። እማዬ እናቷን ጥላ አትሄድም። ባባ እማዬን ጥሎ አይሄድም። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ይህን የነገረችን እማዬ ናት። እሱ አንድም ቀን “ለእናንተ ብዬ ቀረሁ” አላለንም። ስንጣላ እንኳ አላነሳትም፤ እኔ ብሆን በየሳምንቱ ነበር የማነሳት። የሄዱት የአጎቴ ልጆች እናታቸው ሐበሻ ስለሆነች እዚያ “ሙወለድ”፣ ክልስ፣ እየተባሉ ነው ያደጉት። ባባ ይህንንም ቢሆን “ይኸው፣ አለመሄዴ በጀ” ለማለት አልተጠቀመበትም።

መጋቢት 2007 ሰንዓ በአውሮፕላን ስትደበደብ ከአልጀዚራ ፊት አልነሳ አለ። ከወራት በኋላ የወንድሙ የልጅ ልጆች በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። ባባ ሰባውን አልፏል፣ ስኳሩም ያስቸግረዋል። “እኛ እናመጣቸዋለን፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ” ብንለው “ልጆቹ አማርኛ አይችሉም” ብሎ ሌሊት አውቶቡስ ተሳፈረ። እሱስ መች ቻለ?

አሁን ሱቁን የያዘው ከእነሱ አንዱ ነው። ባባ ካረፈ በኋላ የዱቤ ደብተሩን ያነበበልንም እሱ ነው። እኛ ቁርኣን ብንቀራም የባባን የእጅ ጽሑፍ መፍታት አቅቶን ነበር። ስም የለም፣ ሁሉም በቅጽል ነው። “ረጅሙ ፖሊስ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር።” “መንታ የወለደችው፣ ዘይትና ሳሙና።” ታላቅ ወንድሜ እንሰብስበው ባይ ነው። እኔ ይቅር ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።

በቀደም ረጅሙ ፖሊስ ራሱ መጣ። ጡረታ ወጥቷል፣ ትንሽ ጎብጧል። ዕዳውን በዛሬ ዋጋ ልክፈል አለ፤ ሱቁን የያዘው ልጅ በድሮው ካልሆነ አልቀበልም አለ። ያኔ ስኳር ስንት እንደነበር ግን ማንም አላስታወሰም። ሲከራከሩ ሱቁ በሰው ሞላ።