ከጎንደር ጽዶች እስከ ጎርጎራ ዳርቻ፦ በጥር ወፍ ማየትና መቁጠር

ጥር ላይ ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አብዛኛው ለጥምቀት ብሎ ነው። ለወፍም ከጥር የተሻለ ወር የለም። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የመጡት ወፎች ገና አልተመለሱም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ መንገዱም ደረቅ ነው። በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች የሚቆጠሩት በዚሁ ወቅት ሲሆን፣ የዓለም የረግረግ መሬት ቀንም አብዛኛውን ጊዜ ጥር 25 ላይ ይውላል። ጉዟችንን ከቃና ዘገሊላ በኋላ፣ ከዚያ ቀን በፊት ያደረግነው ለዚህ ነው። በበዓሉ ሰሞን በአፄ ፋሲል መዋኛ ወፍ ለማየት መሞከር ትርፉ ድካም ነው፤ ሕዝቡ ተመልሶ ግቢው ጸጥ ሲል ግን ወፎቹም ይመለሳሉ።

መነሻችን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነበር፤ ሰዓቱም ንጋት 12 ሰዓት ተኩል። አሥራ ሁለት ክብ ማማዎች ያሉት የቅጥሩ ግንብ በዙሪያው ያሉትን ጽዶች ለዘመናት አቅፎ አቆይቷል። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ሲራቆት ዛፍ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ የደን ወፍ መፈለግ ያለበትም እዚያ ነው። ሲገቡ የግቢውን አባቶች ማስፈቀድ፣ ጸሎት ላይ ባሉበት ሰዓት በቤተ መቅደሱ በኩል መነጽር (ባይኖኩላር) አለማንሳት፣ የወፍ ድምፅም ከስልክ አለማጫወት ግድ ነው። የተቀዳ ድምፅ የሰማ ወንድ ወፍ ተቀናቃኝ የመጣበት ስለሚመስለው መብላቱን ትቶ ሲዟዟር ይውላል። በመራቢያው ወቅት ይህ ጎጆውን ያስከፍለዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቶሎ ቶሎ በመራመድ ነው። ሰው ሲገባ ወፍ ዝም ይላል፤ እንደገና ለመንቀሳቀስ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ ፀሐይዋን ከጀርባ አድርጎ፣ ማለትም ፊትን ወደ ምዕራብ መልሶ፣ ለሃያ ደቂቃ አንድ ቦታ መቀመጥ ግቢውን ሦስት ጊዜ ከመዞር ይሻላል። የጠዋቷ ፀሐይ መጀመሪያ የምትነካው የዛፎቹን ጫፍ ነው፤ ነፍሳቱ እዚያ ሞቀው ይነሣሉ፤ ወፎቹም ይከተሏቸዋል። ዓይን ከላይ ጀምሮ ከፀሐይዋ ጋር ወደ ታች ይውረድ።

እዚህ በቅድሚያ የሚታዩት ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም የማይገኙት ናቸው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ግራጫ እርግብ በየግንቡ አለ። ምንቃረ ወፍራሙ ቁራም ማጅራቱ ነጭ ነው፤ ያን የሚያህል ምንቃሩን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ የከብት እበት በትኖ ትል ሲለቅም ማየት ብቻውን ለጉዞው ይበቃል። አገጩ ሥር ትንሽ ቆዳ የሚያንጠለጥለው፣ ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈው አይቢስ ደግሞ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ ሲነሣ የሚያሰማው ጩኸት ከተማውን ያስተጋባል። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ በአረንጓዴ ላባው ቅጠል ውስጥ ይጠፋል፤ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል እንጂ ብዙ አይበርም። ሲበር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ነው። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ ከቱራኮ ቤተሰብ ውጭ በሌላ ወፍ አይገኝም።

ስለ ባይኖኩላር ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ብዙ ሰው ጥሩ መሣሪያ ይዞ የማያየው አስተካክሎ ስለማይጀምር ነው። በመሣሪያው ላይ 8 በ42 ተብሎ ከተጻፈ፣ 8 ማለት ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ 8 ይበቃል። 12 ወይም ከዚያ በላይ የሆነው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ስለሚያጎላው ያለ መቆሚያ አይረባም። መጀመሪያ ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ በርሜሎቹን ማቀራረብ ወይም ማራራቅ። ቀጥሎ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ በመካከለኛው መዘውር የግራውን ማጥራት። ከዚያ ግራውን ጨፍኖ፣ መካከለኛውን ሳይነኩ፣ በቀኙ ዓይን በኩል ባለው ቀለበት ማጥራት። ይህ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ የሚሽከረከረው የመሃሉ ብቻ ነው። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው የጎማ ከንፈሩን አጥፎ ዝቅ ያድርገው፤ አለዚያ የሚያየው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። ወፏን ስታዩ ደግሞ ዓይናችሁን ከእሷ ሳታነሡ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት፤ መነጽሩን ለማየት ያጎነበሰ ሰው ወፏን መልሶ አያገኛትም። የጥር አቧራ መስታወት ይቧጭራል፤ መጀመሪያ እፍ ብሎ ማባረር፣ ከዚያ በኋላ ነው በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ።

ከረፋዱ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ ሄድን። በፋሲል ግቢ የተቆረጠው ትኬት እዚያም ስለሚያገለግል አትጣሉት። ሥሮቻቸው የግንቡን ድንጋይ ጨብጠው የያዙት ትልልቅ ዛፎች ለወፍ አዳራሽ ናቸው። ሾላና ዋርካ ፍሬ ሲይዝ፣ ክንፈ ጥቁሯ አረንጓዴ በቀቀን ትመጣለች፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ግን የላትም። ላይ ላዩን ከማንጋጠጥ መሬቱን ማየት ይጠቅማል፦ ትኩስ የተነከሰ ፍሬ ከወደቀበት ቀጥታ በላይ ወፍ አለ።

በፋሲል ግቢ ብዙ አልቆየንም፤ እዚያ የሚታየው ሰማዩ ነው። ጭራው ሹካ የመሰለውና ምንቃሩ ቢጫ የሆነው ጭልፊት ነው። ጭራው አጭር፣ ክንፉ ሰፊና ጫፉ እንደ ጣት የተከፋፈለው ጥንብ አንሳ ነው። ከተማ ውስጥ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ በመላው አፍሪካ ክፉኛ ቀንሶ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ደርሷል፤ አንዱ ዋና ምክንያት ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሬሳ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። አንድ የተመረዘ በድን ብዙ አሞራ ይጨርሳል። አሞራው ሲያልቅ ደግሞ በድኑን የሚያጸዳ አይኖርም፤ በሽታው ለከብቱና ለሰው ይተርፋል። ጥንብ አንሳን የሚንቅ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

የውሃ ወፎች የምንቆጥርባት የጣና ዳርቻዋ ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቆጠራው ጎሕ ሲቀድ ስለሚጀመርና በጨለማ መንዳት ስለማይመከር፣ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ እዚያ ማደር ይሻላል። የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ከሹፌሮች መጠየቅ አይዘንጋ። በአዘዞ፣ በአየር ማረፊያው አካባቢ፣ መነጽርና ካሜራ ከቦርሳ አይውጣ። ከዚያ በኋላ የደንቢያ ሜዳ ይከፈታል። በከብቶቹ እግር ሥር ቢጫ ደረት ያላት፣ ጭራዋን ያለማቋረጥ የምትወዘውዘው ትንሽ ወፍ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ናት፤ ከብቱ የሚያስነሣውን ነፍሳት ትለቅማለች። አባ ኮዳም አልፎ አልፎ ማሳ ላይ ቆሞ ይታያል።

ጎርጎራ በጣና ሰሜን ዳር ስለሆነ ሐይቁ የሚታየው ወደ ደቡብ ነው። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ውሃው ያብረቀርቃል፣ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ወፉን ደንገል ውስጥ ያስገባዋል። የሚቆጠረው በጠዋት ነው።

ሁለት ሰው ይቆጥራል፣ ሦስተኛው ይጽፋል። ከመንጋው ውስጥ በመጀመሪያ ጥቂቶቹን፣ ለምሳሌ ባለ ዘውዱን ክሬን ወፍ፣ አንድ በአንድ ጨርሱ። ከዚያ ብዙዎቹን፦ አሥር ወፍ በትክክል ቁጠሩ፣ አሥሩ የያዙትን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፣ በዚያ ልክ መንጋውን እየከፈላችሁ እለፉ። መንጋው ከመቶዎች ካለፈ መለኪያውን ወደ ሃምሳ ከፍ አድርጉት። ሁለቱ ቆጣሪዎች ቁጥራቸውን ሳይነጋገሩ ይስጡ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ እንደገና ይቆጠራል። ዓይን በትልቅ መንጋ ላይ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በማሳነስ ነው። ለሚበሩት አንድ ዛፍ መስመር አድርጋችሁ ያንን ያለፉትን ብቻ ጻፉ፤ አለዚያ ዞሮ የመጣው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

በታንኳ የሚወጣ ሰው ቀዛፊውን ቀስ እንዲል ይለምነው። ወፎቹ መብላት አቁመው አንገታቸውን ካቀኑ ቅርበቱ በዝቷል ማለት ነው፤ እዚያው ማቆም፣ ዝም ማለት። ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር፣ በአየር ላይ ቆሞ ክንፉን የሚያርገበግበው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ነጭ ፔሊካን፣ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀው ኮርሞራንት፣ ሁሉም እንዲህ ሲሆን ይታያሉ።

በቆጠራው ቅጽ ላይ ከወፉ ቁጥር ጋር እምቦጭ የሸፈነውን የዳርቻ ስፋት መጻፍ ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጭቃውንና ጥልቀት የሌለውን ውሃ ሲሸፍን በእግሩ እየሄደ የሚለቅመው ወፍ መብያ ያጣል፤ ቅጠል ላይ የምትራመደው ረጅም ጣቷ ጃካና ግን ልትበዛ ትችላለች። ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩን በኋላ የሚያነበው ሰው ወፉ ለምን እንደቀነሰ አይገባውም።

ማታውኑ መዝገቡን ስትገለብጡ ሰዓቱን ቀይሩት። በኢበርድ (የወፍ ምልከታ በሚመዘገብበት የኢንተርኔት ገጽ) የሚያስገባ ሰው በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን 12:30 እንዳለ ከገለበጠው የንጋቱ ቆጠራ የቀትር ይሆናል። ስድስት ሰዓት ቀንሳችሁ 6:30 ብላችሁ አስገቡ። ቀኑም እንደዚሁ ነው፤ ጥር 15 ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 23 ነው። በደብተሩ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ከሁሉም ይሻላል።